እጄን የት ላድርገው?

 

ባለፈው ክረምት እናቴ በደም ግፊት ምክንያት ሆስፒታል ተኝታ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ለልምምድ የመጣች የነርስነት ተማሪ ግፊቷን ለካች፤ ካርዱ ላይ ጻፈች፤ ከዚያም ከግርጌ ቆማ ስልኳን ትነካካ ጀመር። እናቴ ቀና ብላ አየቻትና ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ልጅቷ ስትሄድ ግን፣ «ኪኒኑ ያዞረኛል፤ ቤትም እያለሁ ትቼው ነበር» አለችኝ። ለምን እንዳልነገረቻት ብጠይቃት፣ «ሥራ ይዛ መሰለኝ፤ ላስቸግራት ብዬ ነው?» አለች።

ግፊቷ አልወርድ ያለበትን ምክንያት የሚጠቁመው ቃል ጠያቂ አጥቶ ሊቀር ነበር። ወዲያው ለተረኛዋ ነርስ ነገርኩ።

ተማሪዋን ኮሪደር ላይ ሳገኛት አወቅኳት። 9ኛ ክፍል አስተምሬያታለሁ፤ መልሱን ደብተሯ ላይ ጽፋ እጇን የማታወጣ ልጅ ነበረች። ልወቅሳት ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ቀድማ፣ «ቲቸር፣ በሽተኛ ፊት ስቆም የምለው ይጠፋኛል። ስልኩን ካልያዝኩ እጄን የት እንደማደርገው አላውቅም» አለችኝ።

ለመሆኑ ስንቶቻችን ነን ስልክ ላይ ያቀረቀረን ወጣት «ባለጌ» ብለን ያለፍነው? ለዚህች ልጅ ስልኩ መደበቂያ ነው። ችግሩ የተደበቀ ሰው አለመለማመዱ ነው፤ ካልተለማመደ በራሱ አይተማመንም፤ ካልተማመነ ተመልሶ ይደበቃል። ቁርኣን ቤት የቀራን ሁሉ እናውቀዋለን፤ አፍሮ በልቡ ብቻ የሚያነብ ልጅ ስህተቱን የሚያርምለት አያገኝም።

በቱርክና በሌሎች አገሮች በነርስነት ተማሪዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ስልክ ማብዛትና የመግባባት ችሎታ ማነስ አብረው እንደሚታዩ አመልክተዋል። አብሮ መታየት ግን አንዱ ሌላውን አመጣው ማለት አይደለም። የኮሪያ ተመራማሪዎች በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጡት ባለ 10 ጥያቄ መለኪያም ሰው ራሱን እንዲመረምር ይረዳል፤ በስልክ ሰበብ የታቀደ ሥራ መቅረቱን፣ ትምህርት ላይ ማተኮር ማቃቱን፣ አንገት ወይም አንጓ መታመሙን ይጠይቃል።

ስልክ የመድኃኒት መጠን ለማየት ይጠቅማል፤ የሚታከመው ሰው ግን ይህን በምን ያውቃል? ስለዚህ እህቴ ሆይ፤ ስልክሽን ከማውጣትሽ በፊት «እማማ፣ የመድኃኒትዎን መጠን ላረጋግጥ ነው» በያቸው። ካላስፈለገሽ ቦርሳሽ ውስጥ ይቆይ። ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1859 እ.ኤ.አ. በታተመው የነርስነት መጽሐፏ፣ ሕመምተኛን የሚያነጋግር ሰው እሱ አንገቱን ሳያዞር በሚያየው ቦታ እንዲቀመጥ መክራለች። አንቺም እዚያ ሁኚ። ስምሽን ተናገሪ፤ ከዚያም «ሌሊቱ እንዴት አለፈ?» ብለሽ ጠይቂና ዝም በይ። መልሱ ቢዘገይም ጠብቂ።

ወላጆችና መምህራንም ድርሻችንን እንመን። «ልጅ በትልቅ ሰው ፊት አይናገርም» እያልን ያሳደግናት ልጅ፣ በ20 ዓመቷ የእናቷን እኩያ ስለ ሕመሟ እንድትጠይቅ እንልካታለን። ድፍረቱን ከየት ታምጣው? እንግዳ ሲመጣ ሰላምታ ታቅርብ፤ ትጠየቅ፤ ትመልስ፤ ስትሳሳት አይሳቅባት። እኛም ስታናግረን ስልካችንን እናስቀምጥ።

በማግስቱ ጠዋት ልጅቷ ስልክ ሳትይዝ መጣች። ድምጿ እየተንቀጠቀጠ «እማማ፣ ሌሊቱ እንዴት አለፈ?» አለች። እናቴ ስለ ማዞሩ፣ ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ጉልበቷም ሳይቀር ነገረቻት። ልጅቷም የእናቴን አንጓ ይዛ የልብ ምቷን እየቆጠረች አዳመጠቻት።