ቁጠባው ከሕፃኑ እንቁላል ይጀምራል እንዴ?

የዛሬው ደብዳቤ የመጣልን ከወደ ሰቆጣ ነው። ጸሐፊዋ የ24 ዓመት ወጣት፣ የአንድ ዓመት ከሁለት ወር ልጅ እናት ናት። ስሟን አንጠቅስም፤ ከተማው ትንሽ ነው፣ ወሬ ደግሞ ከባጃጅ ይፈጥናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቷ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ብሩ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደመወዙ ወር አላደርስ ብሏቸው፣ ከ20ኛው ቀን በኋላ የሚኖሩት በሱቅ ዱቤ ነው። አንድ ማታ ባልየው ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ ተቀመጠና «እንቀንስ» አለ። የተሰረዘውን በተራ ጽፋልናለች። የልጁ እንቁላልና ወተት፣ የእሷ ቁርስ («እኔ ቡና ከጠጣሁ ይበቃኛል» ያለችው ራሷ ናት)፣ ከዚያ የእድር መዋጮ። ያልተነካውስ? የቅዳሜና እሁድ ቢራ፣ የማኅበሩ ድግስና የሞባይሉ ዳታ ጥቅል! እሷም ተናዳ «እንግዲያው ለእናትህ ዝቋላ የምትልከው ይቅር» አለችው። ተኳረፉ። «ማናችን ነን ልክ?» ትላለች።

እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ ሁለታችሁም የቀነሳችሁት ከማይጮኸው ላይ ነው። ሕፃን «እንቁላሌን ለምን ቀማችሁኝ» ብሎ አይከራከርም። ዝቋላ ያሉት እናትም ደብተሩ ሲጻፍ አጠገባችሁ የሉም። ቢራው ግን ጓደኛ አለው፤ ስልክ ይደውላል፣ «ምነው ጠፋህ፣ ሚስትህ አሰረችህ ወይ?» ይላል።

የልጁ ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ። የምትኖሩበት ከተማ ስም የተሰጠውን ቃል ኪዳን ሰምታችሁ ይሆናል። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ነው የሚባለው። ዕድሜያቸው ከ2 ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የሚታየው መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. እንዲያበቃ ነው ግቡ። ከ2 ዓመት በታች መባሉ በከንቱ አይደለም። ከፅንስ እስከ ሁለተኛው ልደት ያሉት 1 ሺህ ቀናት ቁመትም አእምሮም የሚገነቡበት ጊዜ ነው፤ ያኔ የጎደለውን በኋላ ጮማ ብታበሉትም ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ያንቺ ልጅ 14 ወሩ ነው። የቀረው 10 ወር ብቻ ነው! ቢራ እኮ ከ10 ወር በኋላም ይገኛል።

ጡት የምታጠቢ ከሆነ ወተቱን ለጊዜው ብትቀንሱት አልፈርድባችሁም። እንቁላሉ ግን አይነካ። አከራያችሁ ከፈቀዱ ሁለት ዶሮ ብታስገቡ ደግሞ የተሻለ። «ጾም ነው፣ ድስቱ ይነካካል» የሚባለውንም አውቀዋለሁ፤ ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጾም አይጠበቅበትም፣ ለእሱ አንዲት ትንሽ ድስት ለይተሽ አስቀምጪ። የአንቺም ቁርስ ይመለስ። የምታጠባ እናት ከሌላው ጊዜ ጨምራ ነው መብላት ያለባት፣ ቡና ምግብ አይደለም።

እድሩን ማቋረጥ ደግሞ አደገኛ ቁጠባ ነው። መዋጮው ትንሽ ነው፣ የሚቀርባችሁ ግን ድንኳኑም ሰዉም ነው። ብዙ ቦታ እንደገና ልግባ ቢሉ የመመዝገቢያ ገንዘብ ይጠየቃል፤ ለዓመታት የከፈላችሁትም ውኃ በላው ማለት ነው።

ስለ አማትሽ። እዚህ ላይ ትቆጪኝ ይሆናል፣ ግን ጥፋቱ ያንቺ ነው። ዝቋላና ሳህላ ሰየምት በ2016 ዓ.ም. በድርቅ ምን እንደሆኑ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። መላኩ አይቅር፣ አላላኩ ይለወጥ። በየወሩ ጥቂት ጥቂት ብር ከመላክ፣ አዲሱ እህል ሲገባና ዋጋው ሲረግብ ማሽላ ተገዝቶ አንዴ ቢላክላቸው ለእሳቸውም ይበረክታል። እቁብ ካላችሁ ዕጣው ታኅሣሥ አካባቢ እንዲሆንላችሁ ዳኛውን ለምኑና የራሳችሁንም አስቤዛ አብራችሁ ግዙ። ጤፉን ከማሽላ ወይም ከገብስ ጋር ማስፈጨትም አያሳፍርም፣ ለትልቅ ሰው ሆድ ምንም አይለውም።

ማኅበሩን አትተዉት፤ ድግሱን ግን አሳንሱት። እኔ ራሴ ተራዬ ደርሶ ተበድሬ ሥጋ ደግሼ፣ ዕዳውን ስከፍል ሽሮ እንኳ ያማረኝ ሰው ነኝ። በኋላ አንዱ ደፈር ብሎ «ዳቦና ጠላ ይበቃል» ሲል ሁላችንም እፎይ አልን። ለካ ሁሉም ሰው እስኪነሳለት ይጠብቅ ኖሯል!

ዳታው ወደ ትንሹ ጥቅል ይውረድ፣ አለቀ። ቢራው ግን ሙሉ በሙሉ ይቁም ብትይ ጠብ ነው፤ ለሁለት ሳምንትም አይዘልቅ። ከሁለት ቀን ወደ አንድ ቀን ይውረድ። አንድ ጠርሙስ ቢራ ሰፈራችሁ ባለው ሱቅ ስንት እንቁላል እንደሚገዛ ራሱ ያስላው፤ እስክሪብቶውን ለእሱ ስጪው እንጂ አንቺ አታስይለት።

ይህን ሁሉ ደግሞ ተናዶ በገባ ማታ ወይም ጓደኞቹ ባሉበት እንዳታነሺው። ደመወዝ በገባ ማግስት ጠዋት፣ ልጁ ተኝቶ ሳለ፣ ቡናሽን አፍልተሽ መጀመሪያ «የእናትህን አልነካም፣ ተሳስቻለሁ» በይው። የቢራው ነገር በሁለተኛው ስኒ ይምጣ።