የአዳዳ እንሶስላ

በዚህ ወር ስለ ሰርግ ወጪ ልጽፍ ነበር የተነሣሁት፤ ብዕሬ ግን ሳላስበው ወደ ወንዝ ዳር ወሰደኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጥር ወር ለዘመድ ሰርግ ነቀምቴ ነበርኩ። ሰርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው የሙሽራዋ አክስት፣ ሁላችንም ‹‹አዳዳ›› የምንላቸው እናት፣ አንዲቱን ልጅ ጠርተው ‹‹ከጅረቱ ዳር እንሶስላ ቆፍረሽ አምጪ›› አሏት። ልጅቷ ግራ ተጋባች። ‹‹አዳዳ፣ እዚያ እኮ አሁን ያለው ባሕር ዛፍ ብቻ ነው›› አለቻቸው። አዳዳ ምንም አልመለሱም። ማታ ከገበያ የሂና ዱቄት ተገዝቶ መጣ፤ ሙሽራዋም በእሱ ተዋበች። ‹‹እንሶስላ መሞቅ ለአማኝ ይገባል ወይስ አይገባም?›› የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እንተወውና፣ እኔን የከነከነኝ የአዳዳ ዝምታ ነው።

ከመካከላችን እንሶስላን በሥሩ እንጂ በአበባው የሚያውቀው ስንቱ ነው? እኔ ራሴ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አላውቀውም ነበር። ተክሉ እስከ 2 ሜትር ሊያድግ ይችላል። አበባው ነጭ ሆኖ ወደ ውስጥ ሲያዩት ደማቅ ወይን ጠጅ ቀለም አለው፤ ከኋላው ደግሞ እንደ ጅራት የረዘመ፣ ጎበጥ ያለ ቀጭን ቱቦ ተንጠልጥሏል። የአበባው ማር ያለው በዚያ ቱቦ ጫፍ ነው። ንብ እዚያ ድረስ መድረስ አትችልም፤ ምላሱ ረጅም የሆነ የእሳት ራት ግን ይደርሳል። አበባው ነጭ መሆኑና መዓዛውም ሲመሽ መጠንከሩ ለዚሁ የሌሊት እንግዳ ነው።

ፈረንሳዊው የዕፅዋት ሊቅ አሺል ሪሻር በ1847 (እ.ኤ.አ.) ለዚህ ተክል ‹‹ኢምፓሺየንስ ቲንክቶሪያ›› የሚል ሳይንሳዊ ስም ሰጠው። ሰውየው አገራችንን በዓይኑ አላየም፤ የጻፈው ሌሎች ሰብስበው ካመጡለት የደረቀ ዕፅዋት ተነሥቶ ነው። ሁለተኛው ቃል ‹‹ማቅለሚያ›› ማለት ሲሆን የመጀመሪያው ‹‹ትዕግሥት የለሽ›› ማለት ነው። ምክንያቱም ፍሬው ሲበስል በጣት ጫፍ እንኳ ቢነኩት ፈንድቶ ዘሩን ወዲያና ወዲህ ይረጨዋል። (ባለቤቴ ይህን ስነግረው ‹‹የማን ስም እንደሆነ ገባኝ›› ብሎ ወደ እኔ ተመለከተ። መልሴን ለራሴ አስቀርቼዋለሁ።)

ታዲያ ለምን ወንዝ ዳር? የእንሶስላ ግንድ ውኃ የቋጠረና ለስላሳ ነው፤ ቅጠሉም ስስ ነው። ፀሐይ በቀጥታ ካገኘችውና መሬቱ ከደረቀ በአንድ ከሰዓት ይጠወልጋል። ስለዚህ ጥላ፣ እርጥበትና የበሰበሰ ቅጠል ያለበት ጥቁር አፈር ይፈልጋል፤ ይኸውም የምንጭ ዙሪያ፣ የጅረት ዳርና የደን ጠርዝ ነው። እርጥብ መሬት ሁሉ ግን አይስማማውም። በ1973 (እ.ኤ.አ.) የፊንጫአ ግድብ ሲሠራ በውኃ የተዋጠው እንደ ጮመን ያለ ሜዳማ ረግረግ የሣርና የቄጠማ አገር ነው። የእንሶስላ ቦታ ዛፍ ያጠላበት፣ ውኃ የሚያልፍበት እንጂ የሚተኛበት አይደለም። በወለጋ ደጋና ወይና ደጋ እንዲህ ያለ ቦታ በየመንደሩ ሥር ነበር።

በጋ ሲገባ ግንዱ ይሞታል። እንደ ድንች ያለው ሥሩ ግን አፈር ውስጥ ተኝቶ ዝናብ ይጠብቃል። እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ የእኛ ሰርግ በጥር ነው፤ እኛ የምንፈልገውም ይህንኑ ሥር ነው! ሥሩ ታጥቦ ይወቀጣል፣ ሞቅ ተደርጎ እጅና እግር ላይ ይቀባል፣ በጉሎ ቅጠል ተጠቅልሎ ያድራል። ሁሉንም ሥር ነቅሎ የሄደ ሰው የሚቀጥለውን ዓመት ተክልም ይዞ ሄዷል። ዘሩ የሚረጨው ደግሞ ጥቂት እርምጃ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ከአንድ ጅረት ዳር አንዴ ከጠፋ ከሌላ ሸለቆ በቀላሉ አይመለስም።

እውነቱን ለመናገር ግን የሙሽሮች መዳፍ ብቻውን ይህን ያህል ጉዳት አያደርስም። አያቶቻችንም እንሶስላ ሞቀዋል፤ ተክሉ ግን ነበር። የከፋው የምንጩ ዙሪያ ሲመነጠርና ባሕር ዛፍ ሲተከልበት ነው። ባሕር ዛፍ ውኃ ይመጥጣል፤ የሚረግፈው ቅጠሉም ከሥሩ ብዙ ነገር አያበቅልም። ለገንዘቡ ብለን እንደምንተክለው አውቃለሁ፤ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ የወጣው ከእሱ የሆነ ቤተሰብ ብዙ ነው። ቢሆንም ዳገቱ እያለ ምንጩ ላይ መትከል ምን ይሉታል?

ስለ ሂናም አንድ ቃል ልጨምር። ንጹሕ ሂና የሚሰጠው ቀለም ቀላ ያለ ቡናማ ነው። ‹‹ጥቁር ሂና›› ተብሎ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ የፀጉር ማቅለሚያ ኬሚካል የተቀላቀለበት ነው፤ ቆዳን አቃጥሎ ውኃ ሊያስቋጥር ይችላል። ለሰርግ የምትዘጋጁ እህቶች እባካችሁ ተጠንቀቁ።

እንሶስላ በጓሮ ይበቅላል። እንግሊዞች እንኳ ለአበባው ብለው ያንን ሁሉ ብርድ አሳልፈው ያሳድጉታል፤ በክረምታቸው ሥሩን በደረቅ ቅጠል ይሸፍኑታል። እኛ ዘንድ ጥላ ያለበት፣ የቧንቧ ውኃ የሚንጠባጠብበት ጥግ ይበቃዋል። የሚቆፍር ሰውም ፍሬው ፈንድቶ እስኪያልቅ ይቆይ፤ ከሥሩም ከፊሉን ወስዶ ከፊሉን መልሶ አፈር ያልብሰው።

ከሰርጉ በኋላ አንዲት የአዳዳ ጎረቤት ከገጠር ሦስት ሥር አምጥተውላቸው ነበር። አዳዳ ሊወቅጡት ነው ብለን ስንጠብቅ ሙሽራውን ጠርተው ከሙዙ ሥር አስቆፈሩት። በሰኔ ስደውል በመጀመሪያ የነገሩኝ እሱን ነው፤ ሁለቱ በቅለዋል፣ ሦስተኛውን ዶሮ ጭራ አውጥታዋለች።