ባለ ዕዳ መንገዱ ይረዝምበታል

ወዳጄ አንባቢ ሆይ፤ ደመወዝህን በተቀበልህ በሦስተኛው ቀን ኪስህን ዳብሰህ ባዶ ሆኖ አግኝተኸው ታውቃለህ? ከባለ ሱቁ፣ ከምግብ ቤቱ፣ ከቤት አከራይህና ከሥራ ባልደረባህ የወሰድኸውን በልብህ መደመር ጀምረህ፣ ድምሩ ሳያልቅ ሐሳብህን ወደ ሌላ ነገር መልሰህ ታውቃለህ? አላውቅም ካልህ እግዚአብሔር ይባርክህ፤ ይህን ገጽ እለፈውና የሚቀጥለውን አንብብ። ዐውቃለሁ ካልህ ግን ወንበርህን ሳብ አድርግ፤ እኅቴም ብትሆኚ እንዲሁ፤ ነገሩ የጋራችን ነውና እንጫወት።

ይህን የምጽፍልህ ከሸኮ ነው። ሸኮ ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ ዙሪያዋን ደንና ቡና የከበባት ትንሽ ከተማ ናት። የትንሽ ከተማ ጠባይ ይታወቃል፤ ዋናው መንገድ አንድ ነው። ከቤቴ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ስሄድ በባለ ሱቁ ደጅ፣ ከዚያ በልብስ ሰፊው በረንዳ፣ ከዚያ በምግብ ቤቷ በር አልፋለሁ። ዐምና ትምህርት በተከፈተ ሰሞን ግን በእነዚህ ሦስት በሮች ፊት ለማለፍ ፊት አጣሁ። ስለዚህም ከጓሮ ባለው የቡና ማሳ ውስጥ፣ በቀጭኗ የጭቃ መንገድ እየዞርሁ መሄድ ጀመርሁ። የዐሥር ደቂቃው መንገድ ግማሽ ሰዓት ፈጀ፤ ጫማዬም ጭቃ ለብሶ ክፍል እገባ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ከተማሪዎቼ አንዱ በዚያ መንገድ አገኘኝና «መምህር፣ ወደዚህ ቤት ቀየሩ እንዴ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ የሌላውን ሰው ሒሳብ በየቀኑ በቀይ ብዕር አርማለሁ። የራሴን ግን ደምሬው አላውቅም ነበር።

በዚያው ማታ ወረቀት አውጥቼ ጻፍሁት። ለባለ ሱቁ የዱቤ 3,200 ብር፤ ለቤት አከራዬ የሁለት ወር ኪራይ 2,400 ብር፤ ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ 2,500 ብር፤ ለልብስ ሰፊው ለሠርግ ላሰፋሁት ሙሉ ልብስ የቀረ 900 ብር፤ ለምግብ ቤቷ ባለቤት 850 ብር። ድምሩ 9,850 ብር ሆነ። አምስቱም ትንንሽ ዕዳዎች ነበሩ። ጉዳቱም ከዚያው ነው። ትልቅ ዕዳ ሲሆን ሰው ይፈራል፤ ይማከራል፤ ዋስ ይጠራል። ትንሽ ዕዳ ግን «ይኸማ ምን አላት» እየተባለ ይገባል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው የሚባለው እውነት መሆኑን የምታውቀው ሎሚዎቹን በአንድ አቁማዳ ስትሸከማቸው ነው።

በቀድሞው ዘመን በአገራችን ቁራኛ የሚባል ልማድ ነበር። ባለ ዕዳው ከባለ ገንዘቡ ጋር እጅ ለእጅ በሰንሰለት ይታሰር፣ ወይም የልብሳቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ አብረው ይውሉ ነበር። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የመጡ የውጭ አገር መንገደኞች ይህን አይተው ጽፈዋል፤ ፎቶግራፍም አንሥተዋል። ልማዱ ቀርቷል፤ «በዐይነ ቁራኛ መጠበቅ» የሚለው አነጋገር ግን እስከ ዛሬ በአፋችን አለ። ሰንሰለቱ ከባድ እንደ ነበር አልጠራጠርም። ዳሩ ግን አንድ ነገር አስተውል፤ በቁራኛ የታሰሩት ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ መዋል አይችሉም ነበር። የዛሬው ባለ ዕዳ ሰንሰለት የለበትም፤ ስለዚህ ይሸሻል። ስልክ አያነሣም፤ በጓሮ ይዞራል። ባለ ገንዘቡም በበኩሉ ብቻውን ቁጭ ብሎ «ካደኝ» ማለት ይጀምራል።

ወረቀቱን እንደ ጻፍሁ የመጣብኝ ጥያቄ የማንን ላስቀድም የሚል ነበር። በልማድ የምንከፍለው አብዝቶ ለጮኸው ነው። በዚህ ዐይነት ቢሆን የመጀመሪያው ባለ ሱቁ፣ የመጨረሻው ባልደረባዬ ይሆን ነበር። ባልደረባዬ አንድ ቀን እንኳ ገንዘቤን ብሎኝ አያውቅም፤ እኔም አንድ ጊዜ ባነሣበት «ተወው፣ ሲመችህ» ብሎኛል። ይሁን እንጂ ከሁሉ በፊት ለእሱ ያለብኝን ዕዳ መኖሩን ላረጋግጥለት ብዬ ቤቱ ሄድሁ። ቡና ተፈልቶ ስንጫወት፣ እኅቱ ታማ ወደ ጅማ ሆስፒታል መወሰዷን ነገረኝ። ገንዘቡን ከየት አመጣህ ብዬ ጠየቅሁት። መናገር አልፈለገም፤ አጥብቄ ስይዘው ግን ከአራጣ አበዳሪ 2,500 ብር በወር ዐሥር በመቶ መበደሩን አወጣው። አራት ወር ሆኖታል። በየወሩ 250 ብር ወለድ ከፍሏል፤ 1,000 ብር ማለት ነው። ዋናው ግን እንዳለ ነው።

አንባቢ ሆይ፤ ቁጥሩን ተመልከት። የተበደረው ልክ እኔ የያዝሁበትን ያህል ነው። እኔ ያልመለስሁትን ገንዘብ እሱ በአራጣ ገዝቶታል። ዝም ያለው ባለ ገንዘብ ያልቸገረው ይመስለኝ ነበር፤ ይበልጥ የተጎዳው እሱ ኖሯል።

ሕጉ ምን ይላል ብለህ ትጠይቅ ይሆናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ተበዳሪና አበዳሪ በዓመት ከዐሥራ ሁለት በመቶ የበለጠ ወለድ እንዳይዋዋሉ ይከለክላል። በወር ዐሥር በመቶ በዓመት መቶ ሃያ በመቶ ነው፤ ከተፈቀደው ዐሥር እጥፍ ማለት ነው። አራጣ በወንጀል ሕግም ያስቀጣል። ይኸው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ከ500 ብር የበለጠ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በተሰጠ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ካልሆነ በቀር ሊረጋገጥ አይችልም ይላል። በእኔና በባልደረባዬ መካከል ወረቀት አልነበረም። ክጄው ቢሆን ኖሮ በእጁ የሚያሳየው ማስረጃ አልነበረውም። የሰጠኝ ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ እምነቱንም ጭምር ነው። እምነት ደግሞ ደረሰኝ የለውም።

በማግሥቱ ቴሌቪዥኔን ሸጥሁ። 3,500 ብር አወጣ። 2,500ውን ለባልደረባዬ ሰጠሁና አብረን ሄደን የአራጣውን ዋና ዘጋን፤ የፈረመባትንም ወረቀት ተቀብሎ ቀደዳት። የቀረውን 1,000 ብር ለወለዱ ብዬ ስሰጠው ተቆጣ። «ወለድ አበድሬህ ነው እንዴ?» አለኝ። «አላበደርኸኝም፤ ከፍለህልኛል እንጂ» አልሁት። ብዙ ተከራክረን ተቀበለኝ።

ከዚያ በኋላ የቀሩት አራቱ ነበሩ። ከደመወዜ ለምግብና ለማይቀር ነገር አስቀርቼ በወር 2,000 ብር ለዕዳ መመደብ እንደምችል ዐወቅሁ። ይህን ቁጥር ሳታውቅ ወደ ማንም ባለ ገንዘብ አትሂድ። «እከፍላለሁ» ማለት ልመና ነው፤ «በዚህ ቀን ይህን ያህል እከፍላለሁ» ማለት ግን ውል ነው።

ወደ ምግብ ቤቷ ባለቤት የሄድሁት 850ውን ሙሉውን ይዤ ነው። እትዬ ጤፍና በርበሬ የሚገዙት በእጅ በእጅ ነው፤ ትንሽ ዕዳ ለእሳቸው ትልቅ ናት። ገንዘብ ባጣሁ ቀን እንኳ ጎደሬ ቀቅለው ያበሉኝ ሰው ናቸው። ገና ሲያዩኝ «ልጄ፣ ቀረህ ጊዜ ታመህ ይሆናል ብዬ ሰው ልልክ ነበር» አሉኝ። እኔ ከዕዳቸው ስሸሽ እሳቸው ስለ ጤናዬ ያስቡ ኖሯል። ገንዘቡን ስሰጣቸው ከቆጠሩት ይልቅ የመረቁኝ ይበልጥ ነበር።

ልብስ ሰፊውን በሦስት ወር በየወሩ 300 ብር ልክፈልህ አልሁት። ጥቂት አሰበና «ልጄ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ዘንድሮ የክልል ፈተና አለባት። እሑድ እሑድ ሒሳብ አሳያትና የሦስተኛውን ወር ትቼልሃለሁ» አለኝ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል። በበረንዳው ባላልፍ ኖሮ ይህ ስምምነት ከየት ይመጣ ነበር?

ቤት አከራዬ ግን እሺ አላሉም። አንድ ነገር ልብ በል፤ ሙሉ ዕዳው የደረሰበት ባለ ገንዘብ ከፊሉን ብቻ አልቀበልም የማለት መብት በሕግ አለው። «በጥቅምት ሁሉንም አምጣ፤ ካልሆነ ቤቱን ልቀቅ» አሉኝ። ልከራከር ስል ምክንያቱን ነገሩኝ። ቡናቸው ቀልቷል፤ ለለቃሚ የሚከፍሉት ገንዘብ ያስፈልጋቸዋል። ገንዘብ ያጣ ገበሬ የሚያደርገውን አንተም የቡና አገር ሰው ከሆንህ ታውቃለህ፤ ቡናውን ዛፍ ላይ ሳለ ለነጋዴ በርካሽ ይሸጣል። «እኔ እስከ ዛሬ ዛፍ ላይ ሸጬ አላውቅም፤ በአንተ ኪራይ ምክንያት አልጀምርም» አሉ። በዚህ ጊዜ ክርክሬን ተውሁና ጥያቄ ጠየቅሁ፤ «አባባ፣ ለለቃሚዎች ሁሉንም በአንድ ቀን ነው የሚከፍሉት?» አልኋቸው። ለቀማው እስከ ታኅሣሥ በየዙሩ እንደሚካሄድ ነገሩኝ። እንግዲያው በጥቅምት 800፣ በኅዳር 800፣ በታኅሣሥ 800 ብሰጥዎ ከለቀማው ጋር እኩል አይሄድም ወይ? አልሁ። ዝም ብለው ቆዩና «አንዲት ቀን ካሳለፍህ ግን ልብስህን ደጅ ታገኘዋለህ» አሉ። እሺ አልሁ። የባለ ገንዘቡን ችግር ሳታውቅ የራስህን ችግር ብቻ ብትዘረዝር የችግር ውድድር ትከፍታለህ እንጂ ስምምነት አታገኝም።

የመጨረሻው ባለ ሱቁ ነበር። «ነገ» የሚለውን ቃል ከእኔ ብዙ ጊዜ ሰምቷልና አላመነኝም። እሱም ሸቀጡን ከሚዛን ጅምላ ነጋዴ በዱቤ እንደሚያመጣ ነገረኝ። ከኅዳር ጀምሬ በሦስት ወር እጨርሳለሁ፣ ከዛሬ ጀምሮም በዱቤ አልወስድም ብለው «ዋስ አምጣ» አለኝ። አፈርሁ፤ እውነቱን ግን ነው። ዋስ የሆነኝ ማን ይመስልሃል? ገንዘቡን በመጀመሪያ የመለስሁለት ባልደረባዬ ነው። በሌላ ቅደም ተከተል ብከፍል ኖሮ ዋስ አላገኝም ነበር።

ሒሳቡ እንዲህ ሄደ። በጥቅምት ለእትዬ 850፣ ለአከራዬ 800፣ ለልብስ ሰፊው 300፤ በኅዳር ለአከራዬ 800፣ ለልብስ ሰፊው 300፣ ለባለ ሱቁ 900፤ በታኅሣሥ ለአከራዬ 800፣ ለባለ ሱቁ 1,200፤ በጥር ለባለ ሱቁ የቀረው 1,100። በከፈልሁ ቁጥር በእሱም በእኔም ደብተር አስፈረምሁ። አንተም እንዲሁ አድርግ፤ ደረሰኝ መጠየቅ ያለማመን አይደለም፤ ወዳጅነትን ከመርሳት መጠበቅ ነው። የዕዳ ወረቀት ፈርመህ ከሆነም የመጨረሻውን ስትከፍል ወረቀቱን ሳትቀበል አትመለስ።

ምናልባት «አምስቱን በአንድ ብድር ብዘጋቸውስ?» ትል ይሆናል። በመሥሪያ ቤትህ የቁጠባና ብድር ማኅበር ካለ መልካም ነው። በአገራችን የዚህ ዐይነት ማኅበር የተጀመረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች ሲሆን፣ ዛሬ በብዙ መሥሪያ ቤቶች አለ። ነገር ግን አምስቱን ዘግተህ ወደ ዱቤው ብትመለስ ዕዳህ ስድስት ይሆናል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የተባለው ለዚህ ነው።

ተማሪም ብትሆን ነገሩ አይቀርልህም። ከክፍል ጓደኛህ የተበደርኸው ሁለት መቶ ብር ምናልባት ወላጆቹ ቡና ሸጠው የላኩለት የትራንስፖርት ገንዘብ ይሆናል። ዕዳ አንድ ቦታ አይቀመጥም፤ አንተ ስታቆየው በሌላው ቤት ይወልዳል። ስለዚህ መክፈል ባትችል እንኳ ቀድመህ ሄደህ ተናገር። ከሁሉ በፊትም ዝም ወዳለው ሂድ።

ጥር ባለቀ በማግሥቱ ጠዋት ጫማዬን ጠርጌ በዋናው መንገድ ወጣሁ። ባለ ሱቁ ከደጁ ቆሞ ነበር፤ «እንዴት አደርህ መምህር» አለኝ። እትዬም ከበራቸው ሆነው «ቡና ደርሷል፣ ግባ» አሉኝ። ገባሁ። ትምህርት ቤት የደረስሁት በዚያ ሁሉ ሰላምታና ቡና ምክንያት ዘግይቼ ቢሆንም፣ ጫማዬ ግን ንጹሕ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት እስክንገናኝ ደኅና ሁን። እስከዚያው ግን አንድ ወረቀት አውጥተህ ደምር።