የዘፈን ተወዳጅነት በምን ይመዘናል?

«ይህ ዘፈን በአገሩ አንደኛ ወጣ» ሲባል በሰማችሁ ጊዜ፣ ቆጣሪው ማን እንደ ሆነና ምን እንደ ቆጠረ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁን?

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. (ሌላ ካልተባለ ከዚህ በታች ያሉትም ዘመናት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ኒው ሚዩዚካል ኤክስፕረስ የተባለው የሎንዶን ጋዜጣ ባልደረባ ፐርሲ ዲኪንስ፣ ወደ ሃያ ለሚሆኑ የሸክላ መደብሮች ስልክ እየደወለ በሳምንቱ ከሁሉ አብልጦ የተሸጠውን ጠየቀ፤ መልሱንም ደምሮ አሳተመ። የመጀመሪያውም አንደኛ አል ማርቲኖ ሆነ። እንግዲህ መዝገቡ የቆጠረው ጆሮን ሳይሆን ኪስን ነበር። ሸክላውን አንድ ጊዜ ሰምቶ የጣለውም፣ ድምፁ እስኪሻክር ድረስ ያዞረውም እኩል አንድ አንድ ናቸው። ደግሞም የትኞቹ መደብሮች እንደሚጠየቁ የደረሱበት አሳታሚዎች ሰው እየላኩ የራሳቸውን ሸክላ የሚያስገዙበት ጊዜ ነበር።

በአሜሪካም ቢልቦርድ የተባለው መጽሔት ለብዙ ዘመን የባለ ሱቁን ቃል አምኖ ይቀበል ነበር። በ1991 ግን በሒሳብ መቀበያው መኪና የሚነበበውን ባለ መስመር ምልክት መቁጠር በጀመረ ጊዜ፣ ባለ ሱቆቹ አሳንሰው ያዩት የነበረው የካንትሪና የራፕ ዘፈን በድንገት ወደ ላይ ወጣ። ሕዝቡ በአንድ ሌሊት ጠባዩን አልለወጠም፤ የተለወጠው ሚዛኑ ነው።

ዘፈን በኢንተርኔት መደመጥ ከጀመረ ወዲህ ሒሳቡ ይልቁን ረቀቀ። እንግሊዞች በ2014 መቶ ጊዜ የተደመጠውን እንደ አንድ ሽያጭ ቆጠሩት። በ2018 ደግሞ ተከፍሎበት ከሆነ 100፣ በነጻ ከሆነ 600 ጊዜ እንዲሆን ወሰኑ። ስለዚህ ገንዘብ የሌለው ወጣት ጆሮው የባለ ገንዘቡን አንድ ስድስተኛ ያህል ብቻ መዘነ ማለት ነው፤ ለነጋዴ ይህ ተገቢ ሊሆን ይችላል፣ ፍቅርን እለካለሁ ለሚል ግን አይመስለኝም።

እኛስ? አቶ አምሃ እሸቴ በ1969 የሀገር ፍቅር ቴአትርን ብቸኛ መብት ተጋፍቶ ሸክላ ሲያሳትም፣ ቢያንስ ስንት እንደ ታተመ ይታወቅ ነበር። ካሴት ከመጣ በኋላ ግን ሁለት ቴፕ ያለው ሁሉ አሳታሚ ሆነ፤ ቁጥሩም ጠፋ። በ2017 የቴዎድሮስ ካሣሁን «ኢትዮጵያ» የተባለው አልበም በቢልቦርድ የዓለም አልበሞች ሰንጠረዥ አንደኛ ሲሆን ብዙዎቻችን ደስ አለን። ነገር ግን ያ ሰንጠረዥ የሚቆጥረው በአሜሪካ ምድር የሆነውን ነው። የደሴና የጎንደር ገዢ በዚያ የለበትም።

በጁባ ከተማ፣ በተራራው ስም በተጠራው ጀበል ሠፈር ያለው አድማጭማ ጭራሽ አይታሰብም። የአማርኛ ዘፈን ቃሉን ሳያውቁ ዜማውን የሚያንጎራጉሩ ሰዎች በሁለቱም ሱዳን ሞልተዋል። ከስልክ ወደ ስልክ የሚሻገረውን ዘፈን ግን የሎንዶኑም፣ የአሜሪካውም፣ የዩቲዩቡም ቆጣሪ አያየውም።

ጉዳዩ የክብር ብቻ ቢሆን ባልተጨነቅሁ ነበር። በአገራችን አቆጣጠር በ1996 የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 በ2007 በአዋጅ ቁጥር 872 ሲሻሻል፣ የሥራ ባለቤቶች የሮያሊቲ ክፍያ በጋራ አስተዳደር ማኅበር በኩል የሚሰበሰብበትን መንገድ ደንግጓል። ያልተቆጠረ ዘፈን ደግሞ አይከፈልበትም። ስለዚህ አንደኛውን ከመሾማችን በፊት፣ የሬዲዮ ጣቢያውም ሆቴሉም በየቀኑ ያሰማውን ዘፈን ከነባለቤቱ፣ ከነገጣሚውና ከነዜማው ደራሲ ስም በደብተር ይጻፍ እላለሁ። የጀበሉን አድማጭ ይህም ደብተር አይደርስበትም፤ የአዲስ አበባውን ግን ይደርስበታል።