ሁዳዴና ጎረቤት

የተከበራችሁ የሰፈራችን ነዋሪዎች፣



55ቱን ቀን ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ትተን በሽሮና በምስር እንሰነብታለን። ይህ ደግ ነው። ነገር ግን የበግ ሥጋ ትቶ በሐሜት የሰው ሥጋ የሚበላ ምኑን ጾመ? ልጆች እንደሆነ ከምንነግራቸው ይልቅ የምናደርገውን ነው የሚይዙት።

የጾሙ አራተኛ እሑድ መጻጉዕ ይባላል። በወንጌል እንደተነገረው፣ 38 ዓመት የታመመ ሰው መጠመቂያው አጠገብ ተኝቶ፣ ውሃው ሲናወጥ አንስቶ የሚያስገባው አጣ። በዙሪያው ሰው ጠፍቶ ግን አልነበረም። እኛም ግድግዳ ለግድግዳ እየኖርን፣ አልጋ ላይ ውለው ውሃ የሚያቀብላቸው ያጡ አረጋውያን በመካከላችን አሉ።

ስለዚህ አደራ የምንለው ይህንን ነው። እስከ 9 ሰዓት የምትቆዩ አዋቂዎች፣ የተውትን ቁርስ ለእነሱ አድርጉት። እናንተ ልጆች ደግሞ ምግቡን ከድናችሁ አድርሱ፣ ውሃ ቅዱላቸው፣ ምርቃታቸውን ተቀበሉ። በልማዳችን ልጅ ጾም የሚጀምረው በ7 ዓመቱ ነው፤ ከዚያ በታች ያለውንና የታመመውን አታስጨንቁ። ትንሹ ልጅ ከታላላቆቹ ጋር ሄዶ ቢላላክ ይበቃዋል።

ጠያቂ የሌለው ጎረቤት የምታውቁ ለማኅበሩ ንገሩን፤ ተራ አውጥተን እንጠይቃለን። ፋሲካ ሲደርስ ከሰፈራችን ሰው አጣሁ ብሎ የሚያዝን እንዳይኖር።

በሰላም ያስፈጽመን።

የማኅበሩ ጸሐፊ