የማኅበሩ ገንዘብ ለየትኛው ካሜራ ይዋል?

ባለፈው ወር የፎቶግራፍ ክበባችን ስብሰባ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት የቆየው በአንድ ጥያቄ ምክንያት ነው። ማኅበሩ ለክበቡ የመደበው ገንዘብ ጥቂት ነው። በዚህ ገንዘብ ተዘግቶ የኖረው ጨለማ ክፍል ይታደስና ፊልም ይገዛበት? ወይስ ያገለገሉ ዲጂታል ካሜራዎች ይገዙበት? አንደኛው ወገን፣ «በፊልም ያልተማረ ሰው ፎቶግራፍ አንሺ አይባልም» አለ። ሁለተኛው ወገን ስልኩን ከኪሱ አወጣና፣ «ይህን የመሰለ ነገር በእጃችን እያለ የአያቶቻችንን ሣጥን ምን እናደርገዋለን?» ብሎ ሳቀ። ድምፅ ሳይሰጥ ተበተንን። ውሳኔው ለመጪው ስብሰባ ስለ ተላለፈ አሳባችንን እስከዚያው በዚህ መጽሔት ማስፈር ተገቢ መስሎ ታይቶናል። እኛም በዚያ ምሽት ከፊልም ወገን ቆመው ከጮኹት መካከል እንደ ነበርን አስቀድመን እንናዘዛለን።

ክርክሩ የመሣሪያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ወረቀት ባላባከንን ነበር። ነገር ግን ውሏችን አራዳ ነው፤ ስንወጣም ስንገባም ፒያሳን ሳንረግጥ አናልፍም። የአዲስ አበባ ሰው መልኩን በወረቀት ላይ ማየት የለመደው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ አካባቢ ፎቶ ቤቶች ነው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አገራችን መጥቶ ለዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ ያነሣ ነበር። ሥራውን ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮም ወረሱት፤ ቶርኮም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ። ከነገሥታቱ ወርደን የእናቶቻችንን አልበም ብንገልጥም የምናገኘው ያንኑ ሙያ ነው። ሰውየው ከተቀባ መጋረጃ ፊት ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ አንድ እጁ አበባ ማስቀመጫው ላይ ነው፤ ከጀርባው በብዕር ቀኑ ተጽፎ የፎቶ ቤቱ ማኅተም ተመትቶበታል። ቋንቋችን እንኳ ያን ዘመን አልለቀቀውም። ዛሬ ከስልክ ወደ ወረቀት ሲገለበጥም ሰው «ፎቶ አሳጠብሁ» ይላል፤ ውሃ የነካው ነገር ግን የለም።

በእጅ የሚታዘዝ ካሜራ ምን ያስተምራል? ክበባችን ያለው አንድ የሶቪየት ዜኒት ነው፤ አንዱ አባላችን ከአጎቱ ያገኘው። ፍጥነቱ ከ30 ጀምሮ 60፣ 125፣ 250 እያለ እስከ 500 ይደርሳል። የብርሃን መለኪያው ባትሪ አይፈልግም። የቀረው ሁሉ የሰውየው ሥራ ነው። በጥቅምት ከጠዋቱ 5 ሰዓት በጊዮርጊስ ቅጥር ቆማችሁ ፀሐዩ ጥርት ያለ ከሆነና 100 ቁጥር ፊልም ከጎረሳችሁ፣ የሌንሱን ቀዳዳ 16 ላይ ፍጥነቱንም 125 ላይ ብታደርጉ መለኪያ ሳታዩ ምስሉ ይወጣል። ከዚያ ወደ አንዱ የፒያሳ ቅያስ ገብታችሁ ጥላ ሥር ስትቆሙ ቀዳዳው ወደ 5.6 መከፈት አለበት። በከፈታችሁት መጠን ከሰውየው ኋላ ያለው ግድግዳ እየደበዘዘ ይሄዳል። ግድግዳው እንዳይደበዝዝ ከፈለጋችሁ ፍጥነቱን መቀነስ አለባችሁ፤ ፍጥነቱን ስትቀንሱ ደግሞ እጃችሁ እንዳይንቀጠቀጥ ትንፋሻችሁን መያዝ ትጀምራላችሁ። ይህን የመሰለ ስሌት ለአንድ ወር የሠራ ሰው ወደ አንድ ክፍል ሲገባ ከሰዎቹ በፊት መስኮቱን ያያል። እኛ በራሳችን ላይ ስላየነው የምንናገረው ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የነጠላው ጉዳይ ነው። የካሜራ የብርሃን መለኪያ፣ የፊልሙም ይሁን የዲጂታሉ፣ በፊቱ ያለው ዓለም በአማካይ ግራጫ ነው ብሎ እንዲገምት ተደርጎ የተሠራ ነው። በጥምቀት ዕለት ጃንሜዳ ብትሄዱ ሕዝቡ ሁሉ ነጭ ለብሷል። መለኪያው ያን ሁሉ ነጭ ሲያይ ብርሃን በዝቷል ይልና ይቀንሳል። ነጠላው ግራጫ ይሆናል፤ የለበሰችው ሴት ጠይም ፊት ደግሞ ጥላ ይሆናል። ካሜራው ስለ ሸማ የነገረው የለም! ይህን መንገር የአንሺው ፈንታ ነው። በእጁ የተማረ ሰው ወደ ፊቷ ቀረብ ብሎ ይለካል፤ ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሶ በለካው ያነሣል፤ ሸማው ጥቂት ቢነጣበትም ግድ የለውም። ፊልምም ቢሆን በዚህ ነገር ንጹሕ እንዳልሆነ መናገር አለብን። በምዕራቡ ዓለም ያሉ ፎቶ ቤቶች ቀለማቸውን ያስተካክሉበት የነበረው የኮዳክ ካርድ ለብዙ ዓመታት የአንዲት ነጭ ሴት ሥዕል ነበር። ስለዚህ «ፊልም እውነቱን ይናገራል» የሚለውን የወዳጆቻችንን ንግግር እንዳለ አንቀበለውም።

እስከዚህ የተጻፈው ሁሉ ፊልም ይገዛ የሚያሰኝ ይመስላል። አሳባችን የተለወጠው በዶሮ ማነቂያ ነው።

በ2016 ዓ. ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት ከተመረቀ ወዲህ የፒያሳ ዙሪያ መንደሮች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ እኛ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ነበርን። ዜኒታችንን አንግተን፣ ስልክ የያዙትን በንቀት እያየን፣ ወደ ዶሮ ማነቂያ ወረድን። አንዲት እናት ዕቃቸውን አስረው ከልጆቻቸውና ከጎረቤታቸው ጋር በራፋቸው ላይ ቆመው ነበር። «ልጆቼ፣ ቤቱ ሳይፈርስ አንሡን» አሉን። ጀበናቸውን ከታሰረው ዕቃ ውስጥ አስፈትተው አወጡና በእጃቸው ያዙ። ለካን፤ አሰብን፤ አንዱ ቀዳዳ ሲል ሌላው ፍጥነት እያለ ተከራከርን፤ እርሳቸውም በትዕግሥት ቆሙልን። በዚያ ቀን 36ቱንም ጨረስን።

ፊልሙ ታጥቦ ሲወጣ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ መስተዋት የጠራ ነበር። ጠቁሮ ቢሆን ኖሮ ብርሃን በዛበት ባልን ነበር። የጠራ ኔጋቲቭ ግን ብርሃን ከቶ እንዳልነካው ይመሰክራል። በዜኒት ላይ ፊልሙ በሚሳብበት ጊዜ በግራ በኩል ያለው የመመለሻ እንቡጥ አብሮ መዞር አለበት፤ ካልዞረ ፊልሙ አልያዘም ማለት ነው። እኛ ከቀዳዳና ከፍጥነት ሌላ የምናየው አልነበረንምና እንቡጡን አላየንም። 36 ጊዜ ባዶ አነሣን። ወደ ዶሮ ማነቂያ ስንመለስ ቤቱ የለም፤ እናቲቱም የሉም።

በዚያ ቀን እየሳቀብን በስልኩ አንዲት ምስል ብቻ የወሰደ ጓደኛ ነበረን። እርሱን ለምነን ምስሏን ፒያሳ ካለ ፎቶ ቤት አሳተምናት። ስንጠይቅ ስናፈላልግ ከርመን እናቲቱን በከተማው ዳር ባለ ኮንዶሚኒየም አገኘናቸው። ፎቶግራፉን ወደ መስኮቱ አስጠግተው ብዙ አዩት። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጆቼ። ቤቱስ ቤቴ ነው። ይቺ ሴትዮ ግን በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች» አሉ። እውነታቸውን ነው። ብዙ ስልኮች ባንድ ጠቅታ አያሌ ምስሎችን ወስደው ያዋሕዳሉ፤ ጥላውን ያነሡታል፤ ቆዳውን ያለሰልሱታል። ጓደኛችን ይህን አላዘዘም፤ መሣሪያው በራሱ ፈቃድ ያደረገው ነው። ቢሆንም ሥዕሉ ዛሬ ግድግዳቸው ላይ ተሰቅሏል። የእኛ 36 የት አለ?

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ፊልምን እንደ ሃይማኖት መስበክ አፈርን። ቀጥሎም ገንዘቡን አሰብን። አንድ ጥቅልል ፊልም ገዝቶ ማሳጠብ ከቤት በሚላክልን የኪስ ገንዘብ የሚደፈር አይደለም። በክበባችን ውስጥ ፊልም የሚያነሡት እነማን እንደ ሆኑ ብናስተውል፣ ዘመድ ከውጭ አገር የሚልክላቸው ናቸው። ከገጠር የመጣው ጓደኛችን በስብሰባው ላይ ዝም ብሎ የተቀመጠው አሳብ አጥቶ አልነበረም። ክበቡ ፊልምን የመግቢያ በር ካደረገው በሩ ለእርሱ እንደ ተዘጋ ስላወቀ ነው። ጨለማ ክፍሉም ቢሆን መድኃኒት ይፈልጋል፤ መድኃኒቱ በቀላሉ አይገኝም። ውሃው በፈረቃ ነው፤ መብራቱም እንደምታውቁት ነው። ምስሉን የሚያወጣው መድኃኒት 20 ዲግሪ ላይ ሲሆን ይሠራል፤ በዚህ ረገድ ብቻ የአዲስ አበባ አየር ደግ ነው።

በታሪክም ቢሆን ፊልምና ዲጂታል ባላንጣ ሆነው አልተወለዱም። የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ በ1975 እ. ኤ. አ. የሠራው የዚያው የፊልም ነጋዴ የኮዳክ ወጣት መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን ነው። መሣሪያው የሚይዘው 10,000 ነጥብ ብቻ ነበር፤ አንዱን ሥዕል በካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። ኮዳክ በገዛ ልጁ ሳይጠቀም ቆይቶ በጥር 2012 እ. ኤ. አ. የኪሣራ ጥበቃ ጠየቀ።

ለፊልም ወገን አንድ ትልቅ ነገር ሳንሰጥ ግን አናልፍም፤ እርሱም ኔጋቲቭ በእጅ የሚያዝ ዕቃ መሆኑ ነው። የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበሩት ሽመልስ ደስታ ኔጋቲቮቻቸውን ጠብቀው ለንደን ባያደርሱ ኖሮ ያ ዘመን በእርሳቸው ዓይን ባልታየን ነበር። «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው መጽሐፍም ከከተማይቱ ነዋሪዎች አልበም በተለቀሙ ፎቶግራፎች የተሠራ ነው፤ የተገኙትም ሰው በወረቀት አድርጎ በመሳቢያው ስላስቀመጣቸው ነው። በ2016 ስለ ፈረሰችው ፒያሳ በየስልካችን ስንት ምስል ነበረን? ስልኩ ተሰረቀ፤ ወይም ውሃ ገባበት፤ ወይም ማስቀመጫው ሞላና አጠፋነው። ከኛ መካከል አንዱ 400 ያህል ምስል በአንድ ፍላሽ ላይ አኑሮ ነበር፤ ዛሬ ፍላሹ አይከፈትም።

ስለዚህ በመጪው ስብሰባ ድምፃችንን የምንሰጠው በገንዘቡ ያገለገሉ፣ ቀዳዳቸውና ፍጥነታቸው በእጅ የሚዞር ዲጂታል ካሜራዎች እንዲገዙ ነው። ሦስት ቢገኙ ይበቃል። በራስ ሰር የሚሠራበት ቦታ ለጀማሪ የተከለከለ ይሁን። በአንድ መውጫ የሚፈቀደው 36 ምስል ብቻ ይሁን፤ መስተዋቱ በፕላስተር ይሸፈን፤ እያንዳንዱ በምን ቀዳዳና በምን ፍጥነት እንደ ተነሣ በደብተር ይጻፍ። ወደ ግቢ ስንመለስ ፕላስተሩ ይነሣና ደብተሩና ምስሉ ይተያዩ። ፊልም ቢሆን ኖሮ ስሕተታችንን የምናውቀው ከሳምንት በኋላ፣ በምን እንደ ተሳሳትን ከረሳን ወዲያ ነበር። ከየመውጫው አንዳንድ ምስል ታትሞ ከጀርባው ቀኑ፣ ሰፈሩና የሰውየው ስም ይጻፍበት፤ ሰውየው ከፈቀደ። ከገንዘቡ ጥቂት ለኅትመቱ ይተርፋል ብለን እናምናለን።

«መስተዋቱ ከተሸፈነ ዲጂታሉ ከፊልሙ በምን ተሻለ?» የሚል እንደሚኖር እናውቃለን። በዋጋው ተሽሏል፤ ከገጠር የመጣው ጓደኛችን በወር ሺህ ጊዜ እንዲሳሳት ይፈቅድለታል። ደግሞም ሁለተኛ የማይገኝ ነገር ፊት የቆመ ሰው ፕላስተሩን ወዲያው ያንሣ። በዶሮ ማነቂያ በራፍ ላይ ጀበና ይዘው የቆሙ እናት ለልምምድ አልነበሩም።

ዜኒቱን እንሽጠው ያሉ አሉ፤ ይህን አጥብቀን እንቃወማለን። በዲጂታሉ አንድ ወሰነ ትምህርት የፈጸመ አባል አንድ ጥቅልል በማኅበሩ ወጪ ያንሣበት፤ ጨለማ ክፍሉም መድኃኒት እስኪገኝ ተቆልፎ ይቆይ እንጂ ዕቃ ማከማቻ አይሁን።

ከድምፁ በፊት ነገሩን በእጁ ለመሞከር የሚፈልግ ሁሉ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በጊዮርጊስ በር ይገኝ። ደብተርና እርሳስ ይያዝ። ዜኒቱንም እናመጣለን፤ እንቡጡ መዞሩን ብቻ የሚመለከት አንድ ሰው ይመደባል።