ደን ያለ ምርምር፣ ምርምር ያለ ባላገር አይጸናም

ደን የአገር ሀብት ነው የማይል ባለሥልጣን፣ ይህንንም የማይጽፍ ምሁር የለም። ነገር ግን ደን እንደ እህል ሁሉ በሽታ፣ እንደ ንግድ ሁሉ ኪሳራ ያገኘዋል። በየክረምቱ የተተከለው ችግኝ ብዛት ሲነገረን፣ እኛ ደግሞ የተተከለውን ማን ያጠናዋል፣ ጥናቱስ ለማን ይደርሳል ብለን እንጠይቃለን።

ማስረጃችን ከአዊ ነው። የፋግታ ለኮማና የአካባቢው ገበሬዎች አሲድ ባጠቃው መሬታቸው ላይ ዲከረንስ የተባለውን የአውስትራሊያ ዛፍ ተከሉ። በመጀመሪያው ዓመት ከችግኙ ጋር ጤፍ ይዘራሉ፤ ቀጥሎ ሣር ያጭዳሉ፤ በአራት በአምስት ዓመት ዛፉን ቆርጠው ከሰል ያከስላሉ፤ መሬቱንም መልሰው ያርሱታል። በዚህም የተራቆተው ኮረብታ ለመለመ፤ ቤተሰቡም ገንዘብ አገኘ። ከ2020 ገደማ ወዲህ ግን (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የስንዴ ዋግ ዘመድ የሆነ የፈንገስ በሽታ ዛፉን መታው። ኑሮውን በአንድ ዛፍ ላይ ያቆመው ገበሬ ተክሉ ሲደርቅ እያየ ምን እንደሚያደርግ የሚነግረው አጣ።

እንዲህ ያለው መቅሠፍት የኛ ብቻ አይደለም። ይህን የምንጽፍባት ግሮቭፖርት በምትገኝበት በኦሃዮ፣ ከእስያ የመጣ አረንጓዴ ጥንዚዛ በ2003 ተገኝቶ አሽ የተባለውን ዛፍ በሚሊዮን ፈጅቷል። ይሁን እንጂ ጠላት በመጣ ጊዜ ምርምሩ ተደራጅቶ ነበር። የኦሃዮ የግብርና ምርምር ጣቢያ የተቋቋመው በ1882 ነው፤ በ1962 የወጣው የማክንታየርና የስቴኒስ ሕግም ለየክፍለ ግዛቱ ኮሌጆች የደን ምርምርና ለተመራማሪዎች ማሠልጠኛ በጀት መደበ። ስለዚህ በደላዌር ከተማ የነበሩት የመንግሥት ተመራማሪዎች ከሞት የተረፉትን ዛፎች ለይተው ማዳቀል ቻሉ። ባለፈው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ ከመሬቱ ከመቶ 10 እስከ 12 ያህል ብቻ ቀርቶት የነበረው የኦሃዮ ደንም ዛሬ ወደ 30 ተመልሷል።

በአገራችንም ተቋም አልጠፋም። የወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ ከ1978 ጀምሮ ባለሙያ አሠልጥኗል። የደን ምርምሩ ግን ማደሪያ አጥቶ ኖሯል። በ1997 ወደ ግብርና ምርምር ድርጅት ገባ፤ በ2014 የአካባቢና ደን ምርምር ኢንስቲትዩት ተብሎ ወጣ፤ በ2022 ደግሞ በኢትዮጵያ ደን ልማት ውስጥ ተጠቃለለ። አንድ የሐበሻ ጥድ ለመጋዝ ሳይደርስ፣ የሚያጠናው መሥሪያ ቤት ሦስት ጊዜ ቤት ለወጠ። ዛፍ በሠላሳና በአርባ ዓመት የሚለካ ሲሆን፣ አጥኚው በየበጀት ዓመቱ የሚናወጥ ከሆነ ምን ውጤት ይጠበቃል?

በክልሉ ከ2023 ጀምሮ ጦርነት ተነሥቶ ሳለ ስለ ዛፍ ማውራት ቅንጦት ነው የሚሉን ይኖራሉ። ሆኖም ሰላም የሚመኝ ገበሬ ከሰላም በኋላ የሚኖርበትን ይፈልጋል፤ የደረቀም ተክል ሰላም እስኪወርድ አይጠብቅም።

ስለሆነም የምንጠይቀው ግልጽ ነው። አንደኛ፣ በየዞኑ መዋቅር በተለወጠ ቁጥር የማይፈርስ ቋሚ የደን መመልከቻ ቦታ ይከለል። ሁለተኛ፣ ገበሬው በማኅበሩ አማካይነት የጥናቱ ተካፋይ ይሁን፤ በሽታን ቀድሞ የሚያየው እሱ ነውና። ሦስተኛ፣ ከዲከረንስ ጎን ሌላ ዛፍ፣ በተለይም የአገር በቀሉ ዋንዛና ብሳና፣ በትርፉም በጤናውም ይመዘን።

አራተኛው ጥያቄ የራሳችን ነው። በ1965 የተማሪው ወገን «መሬት ላራሹ» ብሎ ተሰልፎ ነበር። ዛሬ በውጭ አገር በደንና በዕፅዋት ትምህርት ያለን ሁሉ የመመረቂያ ጽሑፋችንን ከአገራችን ችግር እንምረጥ፤ ያገኘነውንም በአማርኛና በአዊኛ ጽፈን ለተካዩ እናድርስ። በእንግሊዝኛ ታትሞ በመደርደሪያ የቀረ ጥናት ለፋግታ ገበሬ እንዳልተጠና ይቆጠራል። በአገር ቤት ያላችሁ ጓዶችም የትኛው ጥያቄ እንደሚቀድም ጻፉልን፤ ሥራውን አብረን እንጀምር።